ምዕራፍ 6፦ ድርሻው የሚቆረጠው ከምን ላይ ነው?

በ2006 የዳላስ ፎርት ዎርዝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከይዞታው ሥር ላለው ጋዝ ቼሳፒክ ኢነርጂ ከተባለው ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋለ። ይዞታው ወደ 18 ሺህ ኤከር ይጠጋል። ኩባንያው አንድም ጉድጓድ ሳይቆፍር 185 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ጋዙ መውጣት ሲጀምር ደግሞ ከምርቱ 25 በመቶውን ለመስጠት ተስማማ። (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ምዕራፍ 3 የጆርጅ ሚቼል መሐንዲሶች በሰሜን ቴክሳስ ባርኔት ከሚባለው ጥብቅ ዐለት ውስጥ ጋዝ ማውጣት የቻሉበትን ብልሃት አሳይቷል። ያ ብልሃት ከሠራ በኋላ የኩባንያ ወኪሎች በየሰፈሩ ተሰማሩ። ግቢያቸው ከሩብ ኤከር የማይበልጥ የፎርት ዎርዝ ነዋሪዎች እንኳ ኤርፖርቱ ከፈረመው ጋር የሚመሳሰል ውል ቀረበላቸው። በ2008 አጋማሽ በአንዳንድ ሰፈሮች ለአንድ ኤከር ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይሰጥ ነበር። በዚያው ዓመት የጋዝ ዋጋ ሲወድቅ፣ ሳይፈረሙ የቆዩ ብዙ ውሎች እንደቀረቡ ቀሩ።

እንዲህ ዓይነት ውል እጁ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ድርሻውን በሚናገረው ቁጥር ላይ ነው። አንድ ስምንተኛ፣ አንድ አምስተኛ ወይም ሩብ ሊል ይችላል። ቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን ገንዘቡን አይነግርም። ድርሻው የሚቆረጠው ከምን ላይ እንደሆነና የት ቦታ እንደሚለካ ያልጠየቀ ባለቤት ሩብ ፈርሞ ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ሊቀበል ይችላል። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረውም በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ገጹ ለአንዱ፣ ሆዱ ለሌላው

በአብዛኛው ዓለም ከምድር ሥር ያለ ሀብት የመንግሥት ነው። በኢትዮጵያም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬትንም የተፈጥሮ ሀብትንም ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ ሰጥቷል። ገበሬ ማሳው ሥር ወርቅ ቢገኝ የወርቁ ባለቤት አይሆንም። አሜሪካ ከዚህ ትለያለች። እዚያ ከመሬት ሥር ያለ ዘይት፣ ጋዝና የድንጋይ ከሰል የግለሰብ ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ይከራያል።

ቴክሳስ ራሷ እዚህ የደረሰችው በታሪክ ሂደት ነው። በስፔን ዘመን ማዕድን የዘውዱ ነበር፤ ያም ልማድ ለሜክሲኮ፣ ኋላም ለቴክሳስ ተላለፈ። የ1866ቱ የክፍለ ግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ግን የማዕድኑን መብት ለየመሬቱ ባለቤት ለቀቀ። በ1901 ቦሞንት አጠገብ ስፒንድልቶፕ በተባለው ኮረብታ ዘይት ሲፈነዳ፣ መሬት ያለው ሰው ሁሉ እግሩ ሥር ያለውን ነገር በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ።

የግል ንብረት ስለሆነ ከመሬቱ ገጽ ሊለይም ይችላል። አንድ ሰው እርሻውን ሲሸጥ «ማዕድኑን ለራሴ አስቀርቻለሁ» ብሎ በሽያጭ ሰነዱ ላይ ማስፈር ይፈቀድለታል። ከዚያ በኋላ መሬቱ አሥር ጊዜ ቢሸጥ ማዕድኑ አብሮ አይሄድም፤ ለዚያ ሰውና ለወራሾቹ እንደተያዘ ይቆያል። መንግሥትም ይህንኑ አድርጓል። በ1916 የወጣው የከብት አርቢዎች የሰፈራ ሕግ በምዕራብ አሜሪካ ለሰፋሪዎች እስከ 640 ኤከር ሲያድል፣ ከሥሩ ያለውን ማዕድን ግን ለፌዴራል መንግሥቱ አስቀርቷል። የዚያ መሬት ወራሾች ዛሬም በዋዮሚንግና በሞንታና ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩት የመንግሥት በሆነ የድንጋይ ከሰልና ጋዝ ላይ ነው።

በዳላስና በአካባቢው ቤት የገዙ በርካታ ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ በሁለት አቅጣጫ ሊሳሳቱ ይችላሉ። አንደኛው፣ በአገር ቤት ልማድ ከምድር በታች ያለው ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ የሚመጣውን ደብዳቤ መጣል ነው። ሁለተኛው፣ ቤቱን ስለገዙ ከሥሩ ያለውም የእነሱ እንደሆነ መገመት ነው። ትክክለኛው መልስ ያለው በካውንቲው መዝገብ ቤት ነው። የመሬቱ የሽያጭ ሰነዶች በዚያ ከጥንት ጀምሮ በተከታታይ ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ማዕድኑ የተለየበት ቀን ካለም እዚያው ተጽፏል።

ሁለቱ መብቶች ሲጋጩ በቴክሳስ ሕግ የማዕድኑ ባለመብት ያይላል። ማዕድኑን ለማውጣት በሚያስፈልገው መጠን በመሬቱ ገጽ ላይ መንገድ ማውጣትና መቆፈር ይችላል። ገደብ ግን አለው። በ1971 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ገበሬና በጌቲ የነዳጅ ኩባንያ መካከል የነበረውን ክርክር ሲመለከት ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ገበሬው ማሳውን የሚያጠጣው በሚሽከረከር ረጅም የመስኖ መሣሪያ ነው፤ ኩባንያው የተከላቸው የዘይት መሳቢያዎች ቁመት ደግሞ መሣሪያውን አላሳልፍ አለ። ፍርድ ቤቱ፣ ኩባንያው ሌላ ምክንያታዊ አማራጭ እስካለው ድረስ ቀድሞ የነበረውን የመሬት አጠቃቀም ማክበር አለበት አለ። ገበሬው ያተረፈው መስኖውን ነው፤ ከዘይቱ ድርሻ የሚያገኘው የማዕድኑ ባለመብት ብቻ ነው።

ሁለት ክፍያ፣ አንድ ቀነ ገደብ

የማዕድን ባለመብቱ ራሱ ቆፋሪ አይደለም። ስለዚህ መብቱን ለኩባንያ በሊዝ ያከራያል። በውሉ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ያገኛል። አንደኛው ቦነስ ይባላል፤ በፊርማው ወቅት በኤከር ተሰልቶ አንዴ የሚከፈል ሲሆን፣ ጉድጓዱ ቢቆፈርም ባይቆፈርም አይመለስም። ሁለተኛው ሮያሊቲ ነው፤ ምርት ሲወጣ በየወሩ የሚታሰብ ድርሻ ማለት ነው። የመቆፈሪያው ወጪ፣ የሠራተኛው ደሞዝ፣ ጉድጓዱ ደረቅ ሆኖ ቢገኝ የሚመጣው ኪሳራ ሁሉ የኩባንያው ነው። ሮያሊቲ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው።

ለረጅም ዘመን የተለመደው ድርሻ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 12.5 በመቶ ነበር። የ1920ው የፌዴራል ማዕድን ሊዝ ሕግም ለመንግሥት መሬት ይህንኑ ዝቅተኛ ተመን አስቀምጧል። ፔንሲልቬንያ በ1979 ባወጣችው ሕግ ከአንድ ስምንተኛ ያነሰ ሮያሊቲ የያዘ ውል እንዳይጸና ደነገገች። ዘይት በበዛበት ቴክሳስ ዛሬ አንድ አምስተኛና ሩብ እንግዳ አይደሉም።

የውሉ ዕድሜ ለሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ኩባንያው ካላመረተ ውሉ ይፈርሳል። ካመረተ ግን ውሉ ምርት እስካለ ድረስ ይቀጥላል፤ ለአሥርት ዓመታትም ሊቆይ ይችላል። እዚህ ላይ ትልቅ መሬት ያላቸው ሰዎች የሚጎዱበት ነገር አለ። በመሬታቸው ጠርዝ የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ የቀረውን ይዞታ በሙሉ አስሮ ሊያቆይ ይችላል። ይህን ለመከላከል በ1947 ሎውረንስ ፑ የተባለ የሉዊዚያና ጠበቃ ጉድጓድ ያልደረሰበት መሬት ከውሉ እንዲለቀቅ የሚያደርግ አንቀጽ አረቀቀ። አንቀጹ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በቀረበለት ውል ውስጥ ያላገኘው ባለቤትም እንዲገባለት መጠየቅ ይችላል።

እርቦው ከአውድማ ነው ወይስ ከገበያ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ነገሩን ለመረዳት የእርቦ እርሻን ማሰብ ይበቃል።

በሬ የሌላቸው አንዲት ባልቴት መሬታቸውን ለጎረቤታቸው ለእርቦ ሰጡ እንበል። በሬውም፣ ዘሩም፣ ማረሱም፣ ማረሙም፣ ማጨዱና መውቃቱም የአራሹ ነው። እሳቸው ሩቡን ያገኛሉ። ዝናብ ቢቀር ከኪሳቸው የሚያወጡት የለም፤ ምርት ከሌለ ግን ድርሻም የለም። ጤፉ ተወቅቶ አውድማው ላይ በቁና ሲሰፈር ከየአራቱ ቁና አንዱ የእሳቸው ይሆናል። እስከዚህ ድረስ የሚያጣላ ነገር የለም።

አራሹ ግን «እማማ፣ እህሉን ገበያ ወስጄ ልሽጠውና ድርሻዎን በብር ላምጣልዎት» ቢላቸውስ? አሁን የአህያ ኪራይ መጣ፤ ጆንያ መጣ፤ ማበጠሪያና የደላላ መጣ። በገበያ የተገኘው ብር በአውድማ ላይ ከነበረው ዋጋ ይበልጣል፤ ልዩነቱ የመጣው ግን በወጪ ነው። ታዲያ የባልቴቷ ሩብ የገበያው ሙሉ ብር ሩብ ነው ወይስ ወጪው ተቀንሶ የቀረው? ደግሞ አራሹ እህሉን ገበያ ሳያደርስ እዚያው አውድማ ላይ ለገዛ ወንድሙ በርካሽ ሸጦ፣ ወንድሙ ገበያ ላይ በደህና ዋጋ ቢያወጣውስ? ሩቡ የሚታሰበው በየትኛው ሽያጭ ነው?

በሁለቱ መካከል የተነገረው «እርቦ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ከሆነ እነዚህ ጥያቄዎች መልስ የላቸውም። የሮያሊቲ ክርክርም መነሻው ይኸው ነው። አውድማው የጉድጓዱ አፍ ነው፤ ገበያው ደግሞ ጋዙ በትልቁ ቧንቧ ጫፍ የሚሸጥበት ቦታ ነው።

ከጉድጓዱ አፍ እስከ ገዢው

ከመሬት የሚወጣ ጋዝ በቀጥታ ለማድ ቤት አይሆንም። ውሃ ይዞ ይወጣል፤ አንዳንዴም ብረት የሚበላ ድኝ አለው። ውሃው ይለያል፣ ጋዙ ይጸዳል፣ በቧንቧ እንዲሄድ በመጭመቂያ ግፊት ይሰጠዋል፣ ወደ ማጣሪያ ተልኮ ፕሮፔንና ቡቴን ይወጡለታል፣ ከዚያ ለገዢ ይጓጓዛል። እያንዳንዱ እርምጃ ክፍያ አለው። እነዚህ በነዳጁ ዘርፍ «ድኅረ ምርት ወጪ» የሚባሉት ናቸው፤ ጋዙ ከጉድጓዱ አፍ ከወጣ በኋላ የሚመጡ ወጪዎች ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል በተመረጡ ቁጥሮች ልዩነቱን ማየት ይቻላል። የብዙ ባለመብቶች ይዞታ በአንድነት ተጠቃሎ ምርቱ በየኤከራቸው ልክ በሚታሰብበት፣ 640 ኤከር ስፋት ባለው የጋዝ ክልል ውስጥ 10 ኤከር ያላት አንዲት ባለመብት አለች። ከክልሉ የወጣው የአንድ ወር ጋዝ በገበያ 1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው በድኅረ ምርት ወጪ ሄዷል። ውሏ አንድ አምስተኛ የሚል ሆኖ ወጪ መቀነስን የሚከለክል ከሆነ 3,125 ዶላር ይደርሳታል። ውሏ ሩብ የሚል ሆኖ ወጪ መቀነስን የሚፈቅድ ከሆነ ግን የሚደርሳት ወደ 2,734 ዶላር ነው። ትልቁ ክፍልፋይ ትንሹን ገንዘብ አመጣ። በፊርማው ቀን «ሩብ አገኘሁ» ብላ የተደሰተች ሴት በየወሩ ወደ 390 ዶላር እየጎደለባት ነው።

አንድ ሐረግ ያስከተለው ፍርድ

ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤቶችን ለዓመታት አከራክሯል። በ1996 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄሪቴጅ ሪሶርስስ በተባለ ኩባንያና በኔሽንስ ባንክ መካከል በተነሳ ክርክር ላይ ውሳኔ ሰጠ። ባንኩ የወከላቸው የማዕድን ባለመብቶች ውል፣ ለማጓጓዣና ለመሳሰሉት ወጪዎች ከሮያሊቲው ላይ ምንም አይቀነስም ይል ነበር። ማንም አንባቢ ቁርጥ ያለ ቃል ነው ይላል። ነገር ግን ያው ውል ሮያሊቲው የሚታሰበው «በጉድጓዱ አፍ» ባለው የገበያ ዋጋ ነው ይላል። ፍርድ ቤቱም፣ በጉድጓዱ አፍ ያለ ዋጋ ማለት ከመጀመሪያው የማጓጓዣ ወጪ የሌለበት ዋጋ ስለሆነ፣ «አይቀነስም» የሚለው ክልከላ የሚሠራበት ቦታ የለውም ብሎ ለኩባንያው ፈረደ። ባለመብቶቹን የረታቸው የመለኪያው ቦታ ነው።

በ2015 ይኸው ፍርድ ቤት የሃይደር ቤተሰብንና ቼሳፒክን ሲዳኝ ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ቤተሰቡ በባርኔት አካባቢ ያከራየው ማዕድን ነበረው። ኩባንያው ጋዙን ይሸጥ የነበረው ለራሱ እህት ኩባንያ ነው፤ እህት ኩባንያው በገበያ ሲሸጠው የድኅረ ምርት ወጪውን ይቀንሳል። ክርክሩ የተነሳው ቤተሰቡ በተጨማሪ ባገኘው የ5 በመቶ ድርሻ ላይ ነው። ውሉ ይህ ድርሻ ከወጪ ነጻ ነው ይላል፤ «በጉድጓዱ አፍ» የሚል ማሰሪያ ግን አልተጨመረበትም። ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ከቤተሰቡ ጎን ቆሙ፤ ቤተሰቡም የተቀነሰበትን ከ575 ሺህ ዶላር በላይ አገኘ።

ክፍለ ግዛት ሲለወጥ መነሻውም ይለወጣል። የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ሕጉ የሚያስገድደው አንድ ስምንተኛ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ሊሰላ ይችላል አለ። የኦክላሆማና የኮሎራዶ ፍርድ ቤቶች በበኩላቸው ጋዙ ለገበያ እስኪበቃ ድረስ ያለውን ወጪ በመርህ ደረጃ ለኩባንያው አሸክመዋል። እንግዲህ ውሉ ዝም ካለ የሚናገረው የየክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ነው። በቴክሳስ ዝምታ ብዙውን ጊዜ ለኩባንያው ያደላል፤ ስለዚህ የቴክሳስ ባለመብት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ማግኘት ይኖርበታል፦ ድርሻው የሚለካው በመጨረሻው ሽያጭ ላይ መሆኑን፣ ወጪ እንደማይቀነስበት፣ ለእህት ኩባንያ የሚደረግ ሽያጭም እንደ መጨረሻ ሽያጭ እንደማይቆጠር።

በቼኩ ላይ ያለው ረጅም ቁጥር

ውሉ ተፈርሞ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ጋዙ ሲፈስ ኩባንያው ለባለመብቱ የክፍፍል ሰነድ ይልካል። በሰነዱ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ረጅም ክፍልፋይ ይታያል፤ ስሌቱ ግን ቀላል ነው። የባለመብቱ ኤከር ለክልሉ ኤከር ይካፈላል፤ ውጤቱ በሮያሊቲው ይባዛል። 10 ለ640 ሲካፈል፣ በአንድ አምስተኛ ሲባዛ 0.003125 ይሆናል። ከላይ የታየችው ሴት 3,125 ዶላር ያገኘችው ከዚህ ነው።

ውርስ ቁጥሩን ያሳንሰዋል። 80 ኤከር የነበራቸው አያት ለአራት ልጆች፣ አራቱም ልጆች እያንዳንዳቸው ለአራት ልጆቻቸው ቢያወርሱ፣ ለእያንዳንዱ የልጅ ልጅ 5 ኤከር ይደርሰዋል፤ በተመሳሳዩ ክልል ቁጥሩ 0.0015625 ነው። ከወራሾቹ አንዱ የአያቱን ሰነድ በካውንቲው መዝገብ ካላስመዘገበ ኩባንያው ክፍያውን ይዞ ሊያቆይ ይችላል። በክፍፍል ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር ከራስ ስሌት ጋር ካልተስማማ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል። በቴክሳስ ሕግ የክፍፍል ሰነድ የሊዙን ግዴታዎች አይለውጥም።

በፖስታ የሚመጡ ወረቀቶች ሁሉ ኪራይ አለመሆናቸውንም ማወቅ ያሻል። አንዳንዱ ከዳጎስ ያለ ቼክ ጋር የሚመጣው የማዕድኑ የሽያጭ ሰነድ ነው። ሊዝ ምርት ካልኖረ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ሽያጭ ግን ለልጅ ልጅም አይመለስም። ስለዚህ ከቼኩ መጠን በፊት የሚነበበው የሰነዱ ርእስ ነው።

ክፍያው ራሱ ጊዜ ይወስዳል። የቴክሳስ ሕግ የመጀመሪያው ሽያጭ ከተደረገበት ወር መጨረሻ ጀምሮ 120 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ለዘይት 60፣ ለጋዝ 90 ቀን ነው። ከእያንዳንዱ ቼክ ጋር የሚመጣው መግለጫ ምርቱ የወጣበትን ወር፣ መጠኑን፣ ዋጋውን፣ ግብሩንና ተቀናሹን ማሳየት አለበት። ክፍለ ግዛቱ ከዘይት 4.6 በመቶ፣ ከጋዝ 7.5 በመቶ የምርት ግብር ይወስዳል፤ ባለመብቱም በድርሻው ልክ ይነካዋል። በፌዴራል የገቢ ግብር ላይ ግን ሀብቱ እያለቀ የሚሄድ ስለሆነ፣ አነስተኛ ባለመብት ከሮያሊቲ ገቢው አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶውን ከታክስ ነጻ ማድረግ ይችላል።

ቼኩ ከወር ወር ሲያንስ ወዲያው ማጭበርበር ነው ማለት ስህተት ነው። በምዕራፍ 3 እንደታየው፣ ከጥብቅ ዐለት የሚወጣ ጋዝ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእጅጉ ይቀንሳል። ልዩነቱን የሚለየው ማነጻጸር ነው። ስሙ ከባቡር ጋር ይያያዝ እንጂ በቴክሳስ ዘይትና ጋዝን የሚቆጣጠረው የባቡር ሐዲድ ኮሚሽን በየወሩ ከእያንዳንዱ ሊዝ የወጣውን ምርት ለማንም ክፍት ያደርጋል። ባለመብቱ መግለጫው ላይ ያለውን መጠን ከኮሚሽኑ መዝገብ ጋር ካስተያየ በኋላ ምርቱ ትክክል ሆኖ ገንዘቡ ብቻ ከጎደለ፣ ጥያቄው ወደ ተቀናሹና ወደ ውሉ ሐረግ ይዞራል።

ይህን ማነጻጸር ማዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 በሰጠው ውሳኔ፣ ሮያሊቲ አንሶ ተከፈለኝ የሚል ክስ በአራት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጉድለቱን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት ማለትም በመርህ ደረጃ አያድንም። ስለዚህ መግለጫዎቹን ሰብስቦ ያስቀመጠና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ከሊዙ ጋር ያመሳከረ ሰው ከየቼኩ የጎደለውን የመጠየቅ መብቱን ይይዛል፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ ፖስታዎቹን የሚከፍት ወራሽ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጉድለት ከእጁ ወጥቷል።